ዲዲቲና የጡት ነቀርሳ

ዲዲቲን የማያውቅ የቆላ ሰው የለም። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች በደንብ ያስታውሱታል። የወባ ሠራተኞች ታንካቸውን በጀርባቸው አዝለው ይመጡ ነበር። የቤቱ ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ግድግዳው ይረጫል። ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህ የመንግሥት ርጭት ነው። ከዚያ ሌላ ደግሞ ዱቄቱን ከገበያ ገዝቶ ለቁንጫና ለትኋን በመኝታው ላይ የበተነ፣ ለነቀዝ ብሎ በእህሉ ላይ የነሰነሰም ብዙ ነው።

ዲዲቲ ስንቱን ሰው ከወባ አድኗል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር ጠቀመ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። የዛሬው ንባባችን አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣል። ዲዲቲ በሴት ልጅ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የጡት ነቀርሳ ያመጣል ወይስ አያመጣም?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከመረመሩት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። ስለዚህ ታሪኩ አብዛኛው የዚያ አገር ነው። ኋላ ወደ አገራችን እንመለሳለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 7 ወይም 8 መቀነስ ነው። መቀነስ የተማረ ሰው እግረ መንገዱን ይለማመድበት።

ነቀርሳ ሲባል ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ በስሙ እንግባባ። ብዙ ሰው «ነቀርሳ» ሲባል የሚያስለው በሽታ ይመስለዋል። የሚያስለውና ደም የሚያስተፋው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ቲቢ ይሉታል። እሱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። የጡት ነቀርሳ ሌላ ነው። ሐኪሞች የጡት ካንሰር ይሉታል። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ የታመመችውን በመንካት አይተላለፍም። የታመመችን ሴት ዕቃ ለይተው የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች አሉ። በከንቱ ነው የሚያሳዝኗት።

የማር እንጀራ ያየ ሰው ቀጥሎ የምለው ይገባዋል። የማር እንጀራ በትናንሽ ጉድጓዶች የተሠራ ነው። የሰውም ሰውነት እንደዚሁ ሕዋስ በሚባሉ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። ሕዋሳት በልክ ይራባሉ። ያረጀው ይሞታል፣ አዲሱ ይተካል። አንዳንድ ጊዜ ግን አንዱ ሕዋስ ልኩን ይስታል። ያለ ማቋረጥ ይራባል። እብጠት ይሆናል። ካልታከመ ወደ ብብት፣ ከዚያም ወደ አጥንትና ወደ ሳንባ ይዛመታል። ካንሰር የሚባለው ይህ ነው። የእርግማን ወይም የቡዳ ሥራ አይደለም። ወንድንም አልፎ አልፎ ይይዛል።

የጡት ካንሰር መንስኤ አንድ ብቻ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል። እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ሴት ከሌላዋ ይልቅ ያሠጋታል። አረቄና ሌላ የሚያሰክር መጠጥም ይጨምረዋል። ጨረርም እንደዚሁ። አንዲትን ሴት ብቻ አይቶ «አንቺን የያዘሽ ከዚህ የተነሣ ነው» ማለት ሐኪምም አይችልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብዙ ሴቶችን ሰብስበው፣ የታመሙትንና ያልታመሙትን እያስተያዩ ይመረምራሉ። ጥናት ማለት ይህ ነው።

የዲዲቲ ጠባይ

ዲዲቲ ተባይ እንደሚገድል በ1939 ያወቀው ፓውል ሙለር የሚባል የስዊስ ሰው ነው። ለዚህ ሥራው በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተስቦ የሚያመጣውን ቅማል ለማጥፋት በወታደሩና በስደተኛው ልብስ ውስጥ ዱቄቱ ይነፋ ነበር። ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ ለአሜሪካ ሕዝብ በገበያ ተሸጠ። በእርሻ ላይ በአውሮፕላን ተረጨ። በከተማ መንገድ በመኪና ተረጨ። ልጆች ከመኪናው ኋላ በጭጋጉ ውስጥ እየሮጡ ይጫወቱ ነበር። ማን ይከልክላቸው? ነጋዴው «ሰው አይጎዳም» እያለ ነው የሚሸጠው። በዚያ አገር የዲዲቲ አጠቃቀም ከሁሉ በላይ የበዛው በ1959 ነው።

ዲዲቲ ከሌሎች ብዙ መርዞች የሚለይበት ጠባይ አለው። በውሃ አይሟሟም። በስብ ግን ይሟሟል። ጨው በቅቤ ውስጥ እንደማይሟሟ፣ ዲዲቲም በውሃ ውስጥ እንደዚያ ነው እንበል። በሣሩ ላይ ያረፈውን ላም ትበላዋለች። በላሟ ስብ ውስጥ ይቀመጣል። በወተቷና በቅቤዋ ወደ ሰው ይገባል። በሰው ስብ ውስጥም ለዓመታት ይቀመጣል። የሴት ጡት ደግሞ ስብ የበዛበት ነው።

ሁለተኛም ጠባይ አለው። በሰውነታችን ውስጥ በደም እየተዘዋወሩ ትእዛዝ የሚያደርሱ መልእክተኞች አሉ። ሆርሞን ይባላሉ። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ ጡቷ የሚያጎጠጉጠው በእነዚህ መልእክተኞች ትእዛዝ ነው። ገበያ ይሸጥ የነበረው ዲዲቲ ደግሞ በአብዛኛው የሁለት ዓይነት ዲዲቲ ድብልቅ ነው። በቁጥር የሚያንሰው ዓይነት ይህን የሴት ሆርሞን ይመስላል። ሐሰተኛ መልእክተኛ ማለት ነው። ባለቤቱ ሳይልከው መጥቶ ትእዛዝ ይሰጣል።

በ1962 ራሔል ካርሰን የምትባል አሜሪካዊት ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ጉዳት አንድ መጽሐፍ አወጣች። ወፎችና ዓሦች በዲዲቲ እንዴት እንደሚያልቁ ጻፈች። የመድኃኒት ኩባንያዎች ዘመቱባት። እሷ ግን መጽሐፉን ስትጽፍ የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። ሕመሟን ለሕዝብ አልተናገረችም። ጠላቶቿ «ስለታመመች ነው እንዲህ የምትለው» እንዳይሏት ፈርታ ነው። በ1964 በ56 ዓመቷ ሞተች። እሷን የያዛት ካንሰር ከዲዲቲ መጣ ማለት አይቻልም። ምክንያቱን ከላይ ብለነዋል። አሜሪካ ዲዲቲን በእርሻ ላይ መርጨት የከለከለችው በ1972 ነው።

ጥናቱ ለምን ተምታታ?

በ1993 በኒው ዮርክ የተደረገ አንድ ጥናት ወጣ። የጡት ካንሰር የያዛቸው 58 ሴቶች ደም ካልታመሙ ሴቶች ደም ጋር ተነጻጸረ። የዲዲቲ ትርፍራፊ በብዛት የተገኘባቸው ሴቶች ካነሰባቸው ይልቅ በበሽታው የሚያዙበት ዕድል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሰዉ ደነገጠ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በካሊፎርኒያ ሌላ ጥናት ተደርጎ ልዩነት የለም አለ።

በዚያን ጊዜ ከኒው ዮርክ ከተማ አጠገብ ባለች ሎንግ አይላንድ በምትባል ደሴት የሚኖሩ ሴቶች ተነሥተው ነበር። በሰፈራቸው የጡት ካንሰር እንደበዛ አስተዋሉ። ራሳቸው በየቤቱ እየዞሩ ማን እንደታመመ ጠየቁ። በካርታ ላይ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ይህን ይዘው ወደ መንግሥት ሄዱ። በ1993 የአገሪቱ ምክር ቤት ጉዳዩ እንዲጠና በሕግ አዘዘ። እነዚህ ሴቶች ሐኪሞች አልነበሩም። መጠየቅ ግን ያውቁ ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው እነሱን ነው።

ውጤቱ በ2002 ወጣ። ካንሰር የያዛቸው 1,500 ያህል ሴቶችና ያልያዛቸው ከ1,500 የማያንሱ ሴቶች ተመርምረው ነበር። በዲዲቲና በጡት ካንሰር መካከል ግንኙነት አልተገኘም ተባለ። ሴቶቹ አዘኑ። ብዙ ሰውም «እንግዲህ ዲዲቲ ነጻ ወጣ» አለ።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ጥናቱ የለካው ምን ነበር? ደሙ የተቀዳው በ1990ዎቹ ነው። ዲዲቲ ከተከለከለ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሴቶቹም አብዛኞቹ በዕድሜ ገፍተዋል። በዚያን ጊዜ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ራሱ ዲዲቲ ሳይሆን ሰውነት ዲዲቲን ለውጦ ያስቀረው ትርፍራፊ ነው። ምድጃ ላይ አመድ ያየ ሰው እሳት እንደነበረ ያውቃል። እሳቱ ትናንት ይንደድ፣ ከትናንት ወዲያ ይንደድ ግን ከአመዱ አያውቅም። ተመራማሪዎቹ የለኩት አመዱን ነበር።

«መቼ እንደነደደ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ይህን ከገበሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጤፍ በቡቃያው ጊዜ አረም ቢውጠው ምርቱ ይጠፋል። ፍሬው ከሞላ በኋላ የመጣ አረም ግን ያን ያህል አይጎዳውም። አረሙ ያው አረም ነው። ልዩነቱ የመጣበት ጊዜ ነው። የሴት ልጅ ጡትም ቡቃያ የሚሆንበት ጊዜ አለው። በእናቷ ማኅፀን ሳለች፣ ከዚያ ደግሞ ለአካለ መጠን ስትደርስ፣ ሕዋሳቱ በፍጥነት ይራባሉ። በዚያን ጊዜ የደረሰ ጉዳት አብሯት ያድጋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በነሐሴ ወር 1945 አሜሪካ በጃፓን በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከተሞች ላይ የአቶም ቦምብ ጣለች። ከሞት የተረፉትን ሰዎች ሐኪሞች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተከታትለዋቸዋል። በቦምቡ ጨረር የተነሣ የጡት ካንሰር ከሁሉ ይልቅ የጨመረው በዚያን ቀን ልጃገረዶችና ሕፃናት በነበሩት ላይ ነው። በዚያን ቀን ጎልማሳ በነበሩት ላይ የታየው ጭማሪ ያንሳል። ልጆቹም ወዲያው አልታመሙም። አድገው፣ ወልደው፣ ሌሎች ሴቶች በሚታመሙበት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ ነው በሽታው የታየው። ጨረርና ዲዲቲ አንድ አይደሉም። ግን ጡት በልጅነት የደረሰበትን እንደማይረሳ ከዚህ ታወቀ።

በበረዶ ቤት የተቀመጠ ደም

ታዲያ የዛሬ 40 ወይም 50 ዓመት በአንዲት ሴት ደም ውስጥ ምን ያህል ዲዲቲ እንደነበረ እንዴት ይታወቃል? ዛሬ ተነሥቶ የትናንቱን ደም መቅዳት አይቻልም። የሚቻለው ያኔ የተቀዳ ደም ተቀምጦ ከተገኘ ብቻ ነው።

ተቀምጦ ተገኘ። በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ አካባቢ ከ1959 እስከ 1967 ድረስ ነፍሰ ጡር ሴቶችን የሚከታተል አንድ ጥናት ነበር። የጀመረው ጃኮብ የሩሻልሚ የሚባል ተመራማሪ ነው። ከ15,000 በላይ ሴቶች ተመዝግበውበታል። በእርግዝና ጊዜና ከወለዱ በኋላ ደማቸው ይቀዳል። ጥቂቱ ይመረመራል፣ የቀረው በበረዶ ቤት ይቀመጣል። ያኔ ስለ ዲዲቲና ስለ ጡት ካንሰር የጠየቀ የለም። ገበሬ የዘር እህሉን ለክፉ ቀን ብሎ በጎተራ እንደሚያስቀምጥ፣ እነሱም ደሙን «ለአንድ ቀን ይጠቅማል» ብለው አስቀመጡት። ዓመታቱንም ልብ በሉ። ከላይ እንዳልነው፣ ዲዲቲ በአሜሪካ ከሁሉ በላይ የተረጨው በዚያው በ1959 ነው። ስለዚህ በደሙ ውስጥ ያለው አመዱ ብቻ አይደለም፤ ራሱ እሳቱም አለ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ባርባራ ኮን የምትባል ተመራማሪ ከጓደኞቿ ጋር ደሙን ከበረዶ ቤት አወጣች። ከእነዚያ እናቶች መካከል 50 ዓመት ሳይሞላቸው የጡት ካንሰር የያዛቸውን 129 ሴቶች ለዩ። ከዚያ በተወለዱበት ዓመት የሚተካከሉ ያልታመሙ 129 ሴቶች አመጡ። በሬ እንደሚጠመድ አንዷን ከአንዷ ጋር አጠመዷቸው። የሁሉንም የቆየ ደም መረመሩ። ውጤቱ በ2007 ታተመ።

ውጤቱ ይህን ይመስላል። ዲዲቲ በ1945 ገበያ ሲወጣ ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በታች የነበሩ ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ መካከል በደማቸው ብዙ ዲዲቲ የተገኘባቸው፣ ጥቂት ከተገኘባቸው ይልቅ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 5 እጥፍ ነበር። በ1945 ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ በነበሩት ላይ ግን ይህ አልታየም። በደማቸው ውስጥ ዲዲቲ አለ፣ ሆኖም ልዩነት አላመጣም። የቡቃያውና የፍሬው ነገር ማለት ይህ ነው። ልጆቹንና ትልልቆቹን አንድ ላይ የቀላቀለ ጥናት ነገሩን ሊያየው አይችልም።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። እነዚያ እናቶች በ1960ዎቹ የወለዷቸው ሴቶች ልጆችም አደጉ። ቁጥራቸው 9,300 ያህል ነው። በ2015 የወጣው ሁለተኛው ጥናት ስለ ልጆቹ ነው። 52 ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ የጡት ካንሰር የያዛቸው 103 ሴቶች ተገኙ። ተመራማሪዎቹ የልጆቹን ደም አልፈለጉም። የፈለጉት ልጆቹ በማኅፀን ሳሉ ወይም እንደተወለዱ ከእናቶቻቸው የተቀዳውን ደም ነው። ያ ሐሰተኛ መልእክተኛ ያልነው የዲዲቲ ዓይነት በእናቷ ደም ውስጥ የበዛባት ልጅ፣ ካነሰባት ይልቅ የመታመም ዕድሏ ወደ 4 እጥፍ የሚጠጋ ሆነ። እናቷ ራሷ ብትታመምም ባትታመምም ልዩነት የለውም። እንግዲህ ልብ በሉ። ዲዲቲ ወደ እናት ገባ፣ በሽታው በልጅ ላይ ከ50 ዓመት በኋላ ታየ።

5 እጥፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል። ስለዚህ ለምሳሌ ያህል በጣት እንቁጠር። ከ100 ሴቶች አንዷ ትታመማለች እንበል። 5 እጥፍ ሆነ ማለት ከ100 ሴቶች 5ቱ ይታመማሉ ማለት ነው። 95ቱ አይታመሙም። ዲዲቲ የነካት ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም። ዲዲቲ ያልነካትም ልትታመም ትችላለች።

ሌላም መባል ያለበት አለ። በ2015 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ሊቃውንቱን ሰብስቦ ስለ ዲዲቲ የተጻፈውን ሁሉ አስመረመረ። ሊቃውንቱ ዲዲቲ በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብለው መደቡት። እንዲህ ያሉት ግን በጡት ካንሰር ምክንያት አይደለም። በጉበት፣ በወንድ ፍሬና በደም ሕዋሳት ካንሰር ላይ ያለውን ማስረጃ አይተው ነው። ስለ ጡት ካንሰር ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲታዩ ጠንካራ ግንኙነት አያሳዩም አሉ። የኦክላንዱ ጥናት ደግሞ በአንድ ቦታ ያሉ፣ በቁጥርም ያልበዙ ሴቶች ጥናት ነው።

እኔ የሚመስለኝን ልናገር። በብዙዎቹ ጥናቶች ደሙ የተቀዳው ሴቶቹ ካደጉ በኋላ ነው። በልጅነት ስለደረሰው ነገር የሚናገር የቆየ ደም ያለው ጥናት ጥቂት ነው። ካደገ ሰው ደም የልጅነቱን ነገር ፈልጎ «አላገኘሁም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ስለዚህ ሚዛኔ ወደ ኦክላንዱ ያደላል። ሌላው በሌላ መንገድ ሊያየው ይችላል፣ በዚህ አንጣላም።

በእኛ አገርስ?

በኢትዮጵያ ዲዲቲ ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተረጭቷል። በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካም ይዘጋጅ ነበር። በ2001 በስቶክሆልም ከተማ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል አገደ። በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ፈቀደ። በአገራችን የወባ ትንኝ ዲዲቲን ስለለመደችው በ2010 ገደማ ርጭቱ በሌላ መድኃኒት ተተካ።

ግን የተከለከለ ነገር ወዲያው አይጠፋም። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በጫት ቅጠል ላይ ዲዲቲ አግኝቷል። በ2013 ደግሞ በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የተደረገ ጥናት ታተመ። ተመራማሪዎቹ የእናቶችንና የላሞችን ወተት መረመሩ። በሁለቱም ዲዲቲ ተገኘ። ከእናቶቹ ጡት ሕፃናቱ በቀን ይወስዱታል ተብሎ የተገመተው ዲዲቲ የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብ ድርጅት ካስቀመጡት ልክ 3 እጥፍ ያህል ነበር።

እዚህ ላይ እናቶቼ በጥብቅ አድምጡኝ። ይህን ሰምታ ማጥባት የምታቆም እናት ትልቅ ስሕተት ትሠራለች። ሐኪሞች ዲዲቲ ባለበት አገር እንኳ «አጥቡ» ነው የሚሉት። ጡት ያልጠባ ሕፃን በተቅማጥና በሳንባ ምች የመሞት አደጋው ከፍ ያለ ነው። እሱ የዛሬ አደጋ ነው። ደግሞም ማጥባት እናቲቱን ራሷን ከጡት ካንሰር ይከላከላል። በ2002 ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው ነበር። አንዲት ሴት ብዙ ወራት ባጠባች መጠን በበሽታው የመያዝ ዕድሏ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታይቷል። መቆም ያለበት ጡቱ ሳይሆን መርዙ ነው።

መርዙ በየት በኩል ወደ ቤት ይገባል? ይህን ለማወቅ ቤታችንን መመልከት ነው። ባልየው እርሻ ረጭቶ ይመጣል። ልብሱን ማን ያጥበዋል? ሚስቱ፣ ወይም የ12 ዓመት ልጁ። ምናልባትም ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። የመድኃኒቱ ጀሪካን ባዶ ሲሆን ማን ውሃ ይቀዳበታል? ያችው ልጅ። ዘር እንዳይበላ በመድኃኒት የታሸው ስንዴ የቀረውን ማን ይፈጨዋል? አሁን ገበያ ላይ ያሉት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ዲዲቲ አይደሉም። ጠባያቸውም እንደ ዲዲቲ አይደለም። ሁሉም ካንሰር ያመጣሉ አልልም። ግን መርዝነታቸው የታወቀ ነው። ቶሎ የሚገድሉም አሉባቸው። ዲዲቲም ሲሸጥ «ሰው አይጎዳም» ተብሎ እንደነበር አንርሳ።

ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ የረጨ ሰው ወደ ቤት ሳይገባ ልብሱን አውልቆ፣ ገላውን ታጥቦ ይግባ። ልብሱን ከሌላ ልብስ ለይቶ ራሱ ይጠበው። በወንዝ ውስጥ አይደለም፣ ከውሃ ርቆ ነው። ነፍሰ ጡርና ልጃገረድ መድኃኒት አይበጥብጡ፣ አይርጩም። ባዶው ጀሪካን ቢታጠብም ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ አይሆንም። ተበስቶ መጣል አለበት። ለዘር የታሸ እህል አይበላም፣ ለከብትም አይሰጥም። ስም የሌለው፣ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ዱቄት አትግዙ። ማንበብ ተምራችኋል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በማታውቁት ቋንቋ ከተጻፈ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።

የወባ ረጪዎች ሲመጡ ግን በር አትዝጉ። ወባ ነፍሰ ጡርንና ሕፃንን ትገድላለች። ረጪዎቹ የሚሉትን አድርጉ። የሚበላውንና ዕቃውን አውጡ። ግድግዳው እስኪደርቅ ልጆች አይግቡ።

የቀረው የጡት እብጠት ነገር ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ሁሉ የጡቱ ይበልጣል። ብዙዎቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። አንዷ አዝመራ እስኪገባ ትላለች። አንዷ ባሏን ታፍራለች። አንዷ ስላላመማት ትተወዋለች። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ስለዚህ ሴት ጡቷን ማወቅ አለባት። የወር አበባዋ በሄደ በጥቂት ቀን በጣቷ መዳፍ ጡቷንና ብብቷን ትዳብስ። የወር አበባ የማታይ ሴት አንድ ቀን ትያዝ። ለክርስቲያኗ የማርያም ዕለት፣ ለእስላሟ ጨረቃ የታየችበት ቀን ይሁንላት። ጠጠር ያለ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተነቆረ ቆዳ፣ ሳታጠባ ከጡቷ የሚወጣ ደም፣ የማይድን ቁስል ካየች ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። መጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትነግራትም ይሆናል። ከሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ሐኪሙ በመርፌ ጥቂት ቀድቶ ያስመረምረዋል፣ የዚያን ጊዜ ይለያል።